24 ጫማ ቤት፣ ሦስት ቀን ዝናብ

በአርቪ፣ ማለትም መኖሪያ ቤት በሆነ ትልቅ መኪና፣ የሚጓዝ ጡረተኛ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። ዝናቡ አላባራም። ቤቱ ጠባብ ነው። ታዲያ ዛሬ የት እንዋል? እኔና ባለቤቴን ጥያቄው ያገኘን በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ውስጥ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነበር። አንዱን ቀን አበላሸነው። በማግስቱ የዋልነው ውሎ ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አይጠፋም። ዝናቡ ሁለቱንም ቀን ያው ዝናብ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ በዝርዝር ልጻፈው። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዓይነት ቤት ለሚዞር ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ እሱ 67። አርቪያችን ሞተሩና ቤቱ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 24 ጫማ፣ ሰባት ሜትር ከምናምን። ከኋላ የምንጎትታት ትንሽ መኪና የለችንም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። ትንሽ መኪና ያላቸው ሰዎች ቤታቸውን አቁመው በመኪናዋ ውር ውር ይላሉ። እኛ ዳቦ ልንገዛ እንኳ ስንወጣ ቤታችን አብሮን ይወጣል። የመብራቱ ገመድ ይነቀላል። የውሃው ጎማ ይጠቀለላል። ወደ ጎን ተገፍቶ የወጣው ክፍል ተመልሶ ይገባል። ሳህንና ብርጭቆው ሁሉ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። በደረቅ ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በዝናብ ግን ያንን ሁሉ ሲያስቡት መውጣት ያስጠላል።

ያረፍነው ፎርት ስቲቨንስ በሚባል የግዛቱ ፓርክ ነው፣ የኮሎምቢያ ወንዝ ውቅያኖሱን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ። ቦታው ድሮ ምሽግ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ተሠርቶ በ1947 ተዘጋ። በጁን 1942 አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ከባሕር ሆኖ ተኩሶበታል፣ ሰው ግን አልሞተም። ባሕሩ ዳር ደግሞ በ1906 አሸዋ ላይ የወጣው የፒተር አይርዴል መርከብ አጽም እስካሁን ቆሟል። እኛ የመጣነው ለዚህ ለዚህ ነበር። በእግር እየዞርን፣ አሸዋ እየረገጥን፣ ምሽጉ ላይ እየወጣን። ጎረቤቱ የአስቶሪያ ከተማ በዓመት 1,700 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ እንደሚያገኝ፣ ኖቬምበርም ከዋናዎቹ የዝናብ ወራት አንዱ እንደሆነ አስቀድመን ማየት ነበረብን። አላየንም።

የመጀመሪያው ቀን

እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎን ነበር። ጣራችን ስስ ስለሆነ ዝናቡ እንደ ከበሮ ይመታዋል። ተኛን፣ አነበብን፣ ሾርባ ሠራን፣ ካርታ ተጫወትን። ማታ ላይ መስኮቶቹ ማላብ ጀመሩ። ጠዋት ስንነሳ ፍራሹ ግድግዳውን የሚነካበት ጠርዝ ርሷል።

ጣራው ያፈሰሰ መስሎን በእጅ ባትሪ ጥግ ጥጉን ፈተሽን። አላፈሰሰም። ውሃው የራሳችን ነበር። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ የሚያወጣው እርጥበት ቀላል አይደለም። የሾርባው እንፋሎት አለ። ምድጃውም አለበት፤ ፕሮፔን የሚባለው ጋዝ ሲቃጠል ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ውሃ ነው፣ እሱም ተን ሆኖ ቤት ውስጥ ይቀራል። ያ ሁሉ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ዋናው ማሞቂያ እንዲህ አያደርግም፣ የተቃጠለውን ጋዝ በራሱ ቱቦ ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው። እኛ ግን ጋዝ እንቆጥብ ብለን ማሞቂያውን ዝቅ አድርገን፣ ዝናብ እንዳይገባ ብለን የጣራውን መተንፈሻ ጥርቅም አድርገን ነበር የዋልነው። ሁለቱም ስህተት ነው። ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ መተንፈሻውን ጣት በምታህል ከፈት ማድረግ ነበር። (ቤት ለማሞቅ ብሎ ምድጃ መለኮስማ ፈጽሞ አይታሰብም። እርጥበቱ ይቅርና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው ይገድላል።)

ሁለተኛው ቀን

"ዛሬማ ግድግዳ ስናይ አንውልም" አለ ባለቤቴ ገና ቁርስ ሳንበላ። የመረጠው የአስቶሪያን ዓምድ ነው። ከተማዋ ላይ ካለው ኮረብታ አናት በ1926 የተተከለ፣ 125 ጫማ፣ ማለትም 38 ሜትር ከፍታ ያለው ዓምድ። የውጭ ግድግዳው የአካባቢው ታሪክ እየተጠማዘዘ ተስሎበታል። ውስጡ 164 ደረጃ አለው። ሰማይ ጥርት ባለ ቀን ከላይ ሆነው ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ውቅያኖሱን ያያሉ ይባላል። ፎቶውን ካየ ጀምሮ በልቡ ይዞት ነበር፣ ስለዚህ እኔም አልተከራከርኩም።

ገና ከመነሻው ተበላሸ። ወደ ጎን የሚወጣው ክፍላችን የራሱ ጣራ አለው። ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ ውሃና ቅጠል ተኝቶበታል። ወጥቶ በረጅም መጥረጊያ ውሃውን መጥረግ ነበረብን። ቸኮልን። ቁልፉን ስጫነው ክፍሉ ገባ፣ ውሃውም አብሮት ገባ፣ ሶፋው ላይ። ያለን ፎጣ በሙሉ ለሶፋው አለቀ።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ ደመናው መሬት ወርዷል። ዓምዱ ከወገቡ በላይ አይታይም። እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። እሱ ያንን የሚያመው ጉልበቱን ይዞ 164ቱን ደረጃ ወጣ። ሲመለስ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ምን አየህ?" አልኩት።

"ነጭ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። በኖቬምበር እዚያ አገር 11 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ገመዱንና ጎማውን በጨለማ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ስልክ ጥርሴ ላይ ነክሼ እያበራሁለት ቀጠልን። ቤቱ በርዷል። ሶፋው እርጥብ ነው። ሁለት ኮት፣ ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ የምናሰጣበት ቦታ የለም። እሱ ካልሲውን መሪው ላይ አሰጣ። እኔ "መሪ ላይ?" አልኩ። "ታዲያ የት ላስጣው?" አለ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። ስለ ካልሲ እንዳልነበረ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። በሰባት ሜትር ቤት ውስጥ ተኳርፎ የሚሄዱበት ሌላ ክፍል የለም። ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ደብተሬን አውጥቼ የቀኑን ውሎ ጻፍኩ። እየጻፍኩ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ። የሄድንበት ቦታ የጠራ ሰማይ ቦታ ነው። ያለ ጠራ ሰማይ ምንም የለውም። እኛ የደረቅ ቀን ዕቅዳችንን ይዘን ዝናብ ውስጥ ገባን። ያሰብንበት ነገር ቢኖር ዝናቡን መቻላችን ብቻ ነው። ከገጹ ግርጌ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ "ዝናቡ እዚህ ቦታ ላይ ምን ይወስድብናል?"

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ደብተሩን ሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አነበበው። "እሺ፣ በይ አንድ በአንድ እንያቸው" አለኝ። ዕርቁም በዚያው ሆነ።

የመርከቡን አጽም ቀድመን ሰረዝነው። ዝናብና ነፋስ ከዚያ የሚወስደው ደኅንነትን ነው። በዚያ ጠረፍ ትልልቅ ግንዶች ባሕሩ ዳር ተኝተው ይታያሉ። ከባድ ማዕበል ሲመጣ ግንዱን እንደ ቀላል ነገር ያነሳዋል፣ አጠገቡ ወይም ላዩ ላይ ያለ ሰው አይተርፍም። ከሌሎቹ በጣም ርቆ አሸዋው ላይ የሚወጣ ድንገተኛ ሞገድም አለ። በእኛ እግር የሚሮጥለት አይደለም። ቀጥሎ ወደ ዋሺንግተን ግዛት የሚያሻግረውን የአስቶሪያ ሜግለር ድልድይ ሰረዝን። በ1966 የተከፈተ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ድልድይ ነው። ባለቤቴ መንዳት ይወዳል፣ ፊቱ ላይ ቅር ሲለው አይቻለሁ። ግን ያን ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበር። የአርቪ ጎን እንደ ሸራ ነፋስ ይቀበላል፣ ወንዝ መሃል ላይ ደግሞ ጥግ የሚባል ነገር የለም።

የቀሩት ሁለት ነበሩ፦ ፎርት ክላትሶፕና የኮሎምቢያ ወንዝ የባሕር ሙዚየም። ሙዚየሙ ጣራ አለው፣ ዝናቡ ምንም አይወስድበትም። ፎርት ክላትሶፕ ግን ለየት ይላል። የዚያ ቦታ ታሪኩ ራሱ ዝናብ ነው።

የአሳሾች ቡድን መሪዎቹ ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊሊያም ክላርክ አሜሪካን አቋርጠው ፓስፊክ ሲደርሱ ምሽግ ሠርተው ክረምቱን ያሳለፉት እዚያ ነው፣ ከዲሴምበር 1805 እስከ ማርች 1806። ከቆዩበት 106 ቀን ዝናብ ያልጣለበት 12 ቀን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ በፀሐይ ቢያዩት ግማሹ ይጎድላል።

በቅደም ተከተሉ ተስማማን። መጀመሪያ የምንርስበት፣ ቀጥሎ የምንደርቅበት። ማታውን ደግሞ ከጠዋቱ አሰናዳነው። ለየራሳችን አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስና ካልሲ በፌስታል ቋጥረን በሩ አጠገብ አስቀመጥን። የመታጠቢያ ክፍሏን ባዶ አድርገን መስቀያ ዘረጋን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እርጥብ ነገር ሁሉ የሚሰቀለው እዚያ ነው፣ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል፣ በላይዋ ያለችው ማራገቢያ እርጥበቱን ወደ ውጭ ትስባለች። ባለቤቴ ረጅሙን መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ የክፍሉን ጣራ ጠረገ። ክፍሉ ሲገባ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከውስጥ ሆኜ አጨበጨብኩለት፣ በመስኮት ሳቀ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ቀስ ብለን። ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ከባድ መኪና ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል፣ የምንቸኩልበት ጉዳይም አልነበረንም። ፎርት ክላትሶፕ በብሔራዊ ፓርኮች ሥር ስለሆነ ዕድሜው 62 ለሞላው የሚሰጠው የዕድሜ ልክ ካርድ ይሠራል። እኛ ስናወጣው 80 ዶላር ነበር፣ አንዱ ካርድ ለሁለታችንም በቃ። ፎርት ስቲቨንስ ግን የግዛቱ ስለሆነ ካርዱ እዚያ አያገለግልም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ምሽጉ ጫካ ውስጥ ነው። ዛፎቹ በጣም ረጃጅም ናቸው፣ ግንዳቸው ሽበት በመሰለ አረንጓዴ ተሸፍኗል። ዝናቡ እላይ ቅጠሉ ላይ ይቆይና ዘግይቶ፣ በትልልቅ ጠብታ ይወርዳል። አሁን የቆመው ምሽግ ዋናው አይደለም። በ1955 የተሠራው አምሳያ በ2005 ተቃጥሎ በቀጣዩ ዓመት እንደገና የተሠራ ነው። ከእንጨት ግንድ የተሠሩ ሁለት ረድፍ ጠባብ ክፍሎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ መሃላቸው ትንሽ ግቢ ነው። ሁሉም ተደምሮ በየጎኑ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ውስጥ 33 ሰው ከርሟል። አንደኛው ሲገቡ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር፣ ከቡድኑ ጋር በተርጓሚነት የተጓዘችው የሾሾኔ ሴት የሳካጋዌያ ልጅ።

ከሌላ ጎብኚ ጋር አልተጋፋንም፣ ግቢው ለእኛ ብቻ ቀርቶልን ነበር። አንዷ ክፍል ውስጥ ገብተን የእንጨት አልጋው አጠገብ ቆምን። ከጣራው ጠርዝ ውሃው እንደ ክር ይወርዳል። ልብሳቸው እላያቸው ላይ በሰበሰ። ያደኑት ሥጋ በእርጥበቱ ተበላሸ። ቁንጫ እንቅልፍ ነሳቸው። የ1805 የገና ምሳቸው የተበላሸ ሥጋ፣ የተበላሸ ዓሣና ጥቂት ሥራ ሥር እንደነበር ክላርክ ጽፎታል። ይህን በሞቀ ክፍል ቁጭ ብዬ ባነብ "አይ ጉድ" ብዬ አልፈዋለሁ። እዚያ ሆኜ፣ እግሬ ቀዝቅዞ፣ ያንን የውሃ ድምፅ እየሰማሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። ብዙ ቆየን።

ከሁሉ የያዘኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የክላትሶፕ ሰዎች ነገር። የቦታው ባለቤቶች እነሱ ናቸው። በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ጫካ፣ ከዝግባ ሳንቃ በሠሩት ቤት ይኖሩ ነበር። ከዝግባ ልጥና ከሣር የሚሠሩት ባርኔጣ ውሃ አያስገባም። ሉዊስና ክላርክም ባርኔጣውን አይተው ለራሳቸው እንዲሠራላቸው አዘዙ። ቆዳ ለብሶ የመጣው እንግዳ ሲበሰብስ ባለአገሩ ደረቅ ነው።

ሁለተኛው የድምፅ መስጠቱ ነገር ነው። ክረምቱን የት እናሳልፍ የሚለውን አለቆቹ ብቻቸውን አልወሰኑም። ኖቬምበር 24 ቀን 1805 የእያንዳንዱ ሰው ሐሳብ ተጠይቆ ተመዘገበ። ዮርክ፣ የክላርክ ባሪያ የነበረው ጥቁር ሰው፣ ምርጫው ከሌሎቹ ጋር ተጽፏል። የሳካጋዌያም አለ፤ ለምግብ የሚሆን ሥራ ሥር የሚበዛበት ቦታ ይሁን ነው ያለችው። ዮርክ ከጉዞው በኋላ ነፃ አልወጣም፣ ለዓመታት ባሪያ ሆኖ ቆይቷል። ያቺን አንድ ቀን ግን ተጠይቋል። ስሙን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኛም ያን ጠዋት በሻይ ጠረጴዛችን ላይ የት እንሂድ ተባብለን ነበርና ነገሩ ይበልጥ ቀረበኝ።

ከምሽጉ ወርደን እስከ ወንዙ ዳር በእግር ሄድን። ስንመለስ እስከ ጉልበታችን ርሰናል። እዚህ ላይ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር የሚመጣው። ቤታችን መኪና ማቆሚያው ላይ ይጠብቀናል! ትንሽ መኪና የለንም ብለን ስንማረር የኖርነው ነገር ያን ቀን ሀብታችን ሆነ። እርጥቡን መታጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ሰቀልን። ደረቁን ለበስን። ማሞቂያውን ከፍ፣ መተንፈሻውን ከፈት አደረግን። የቀረችውን ሾርባ አሙቀን፣ ዝናቡ ጣራችንን እየደበደበው በላን። ከዚያም ባለቤቴ እዚያው ወንበሩ ላይ ሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ወሰደው። በመኪና መጥቶ ቢሆን ይሄኔ ርሶ ወደ ቤት እየነዳ ነው።

ከሰዓት ሙዚየሙ ውስጥ ዋልን። አስቶሪያ ወንዝ ዳር ነው ያለው። የኮሎምቢያ አፍ የመርከብ መቃብር ነው። ከ1792 ወዲህ በዚያ አካባቢ ወደ 2,000 የሚጠጉ ትልልቅና ትናንሽ መርከቦች እንደጠፉ ይነገራል። ምክንያቱም ያን የሚያህል ወንዝ ያለ ምንም ደለል ሜዳ በቀጥታ ውቅያኖስ ይገባል፣ ከባሕሩ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፣ አሸዋውም ቦታውን ይቀያይራል። ውስጥ አንድ የነፍስ አድን ጀልባ ሞገድ ላይ ሽቅብ እንደወጣ ሆኖ ተቀምጧል። ባለቤቴ ሥሩ ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ የቆየው ቆይታ! የሙዚየሙ መስኮት ሰፊ ነው፣ በዝናቡ ውስጥ ጭነት መርከቦች ወንዙ ላይ መልሕቅ ጥለው ይታያሉ። ስለ ማዕበል አንብበን ዞር ስንል ውሃው እዚያው አለ። እዚህም ዝናቡ አልወሰደብንም፣ ጨመረልን።

9 ሰዓት ተኩል ላይ "እንሂድ" አልኩ። ማየት የምንፈልገው አላለቀም ነበር። ግን የትናንቱን ጨለማ አልረሳሁትም። ገመዱንና ጎማውን የቀጠልነው በብርሃን ነው። ቤቱ ሞቅ ብሎ ነበር። ሶፋው በአብዛኛው ደርቋል። ካልሲ የት ይሰጣ የሚል ጥያቄ አልተነሳም።

እኛ ያደረግነው ለሁሉም ይሆናል አልልም። አርቪያቸው 35 እና 40 ጫማ የሆነ ሰዎች ከተማ ውስጥ ማቆሚያ ማግኘት ይቸግራቸዋል። እነሱ ትንሿን መኪና ይዘው ቢወጡ ይሻላል፣ ደረቁን ልብስ ግን ኋላ ወንበሩ ላይ ይዘው። ከሁለት አንዱ በእርጥበት የሚነሳ ሕመም ካለውም ቅደም ተከተላችን አይሠራም። መርጠብ የሚለውን ጨርሶ መተው ነው። እኛም ብንሆን ጉልበቱ ያን ሌሊት ትንሽ ጠዘጠዘው፣ ወንዙ ዳር ድረስ መውረዱን ማሳጠር ነበረብን።

አራተኛው ቀን ጠዋት መስኮቶቹን አየኋቸው። ከአልጋችን በላይ ባለው ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ላብ ነበረች፣ ሌላው ደረቅ ነው። ውጭ ያው ዝናብ። ባለቤቴ ተነስቶ ሻይ ጣደ፣ ደብተሬን ከመደርደሪያው አወረደና አዲስ ገጽ ገልጦ ፊቴ አስቀመጠ።

"በይ ጻፊ" አለኝ። "ዛሬስ ምን ይወስድብናል?"